በአዲስ አበባ ዳርቻ የልዩ ፍላጎት ትምህርት መመረቂያ ጥናት ለሚሠሩ የአሠራር መመሪያ

ይህ መመሪያ የተዘጋጀው በልዩ ፍላጎት ትምህርት የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፋቸውን በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ፣ በቱሉ ዲምቱ ወይም በሌላ የአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኝ ትምህርት ቤት ለመሥራት ላሰቡ ተማሪዎች ነው። እኔም የራሴን ጥናት የሠራሁት በምሥራቁ የከተማዋ ጫፍ፣ የኮንዶሚኒየሙ ሰፈር አልቆ የእርሻ ማሳ በሚጀምርበት አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህም የሌሎችን ረቂቅ እያነበብሁ አስተያየት ስሰጥ ቆይቻለሁ። ባነበብኋቸው ረቂቆች ውስጥ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ጉድለት አለ፤ ስለ ልጁ መምህሩ ይናገራል፣ ርእሰ መምህሯ ትናገራለች፣ ወላጅ ይናገራል፣ ጥናቱ የተሠራለት ልጅ ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ አንድ ቃል አይናገርም። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች የተጻፉት ልጁ ራሱ የመረጃ ምንጭ እንዲሆን ምን ምን አስቀድሞ መዘጋጀት እንዳለበት በማሰብ ነው።

1. ጥያቄውን ማጥበብ

አብዛኛው ተማሪ ወደ አማካሪው ይዞት የሚሄደው የመጀመሪያ ርእስ «የአካቶ ትምህርት ተግዳሮቶችና መልካም አጋጣሚዎች» የሚል ነው፤ አካቶ ትምህርት ማለት አካል ጉዳት ያለባቸውና የሌለባቸው ልጆች በአንድ ክፍል አብረው የሚማሩበት ነው። ይህ ርእስ በአንድ ሰውና በአንድ ዓመት የሚመለስ ጥያቄ አይወጣውም፤ መልሱም ሳይጠና ይታወቃል፤ የሠለጠነ መምህር እጥረት፣ የመማሪያ ቁሳቁስ እጥረት፣ የወላጅ ግንዛቤ ማነስ ተብሎ ይዘረዘራል። ርእሱን ለማጥበብ ለራስዎ አራት ነገር ይጠይቁ፦ የትኞቹ ልጆች? በየትኛው ክፍል? በየትኛው ክፍለ ጊዜ? መማሪያ ክፍል ውስጥ ብቀመጥ በዓይኔ የማየው ምንድን ነው? ለአራቱም መልስ ያለው ጥያቄ ለምሳሌ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ከሚሰሙ ተማሪዎች ጋር የሚማሩ መስማት የተሳናቸው ልጆች በሂሳብ ክፍለ ጊዜ መምህሩ የሚያስተምረውን የሚከታተሉት በምን መንገድ ነው? ያልደረሳቸውንስ ከማን ይጠይቃሉ?» ይህን ጥያቄ ይዞ ትምህርት ቤት የሚገባ ሰው በመጀመሪያው ቀን የት እንደሚቀመጥ ያውቃል።

የፖሊሲ መነሻውን በተመለከተ ማወቅ የሚገባዎ ብዙ አይደለም፣ ግን በትክክል ማወቅ ይገባዎታል። የቀድሞው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ሲሆን አገሮች አካቶ ትምህርትን ለማስፋፋት የተስማሙበት የሳላማንካ መግለጫም የዚያው ዓመት ነው፤ የመጀመሪያው የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ በ1998 ዓ.ም. ወጥቶ በ2004 ዓ.ም. በሌላ ተተካ፤ በመካከሉ አገራችን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ዓለም አቀፍ ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች፣ ስለ ትምህርት የሚናገረውም አንቀጽ 24 ነው። ይህን ታሪክ ሃያ ገጽ አድርጎ ከመተረክ ይልቅ ከነዚህ ሰነዶች ውስጥ በመረጡት ትምህርት ቤት ሊታይ ወይም ሊታጣ የሚችል አንድ ግዴታ መርጦ ጥናቱን በእርሱ ላይ መመሥረት ይሻላል። በተጨማሪም አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የመጀመሪያ ደረጃን ከ1ኛ እስከ 6ኛ ክፍል፣ መካከለኛ ደረጃን 7ኛና 8ኛ ክፍል ስላደረገው፣ ከድሮ መመረቂያ ጽሑፍ የተገለበጠ መጠይቅ በድሮው አከፋፈል ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያለውን «ሁለተኛ ሳይክል» እያለ እንዳይጠይቅ ይጠንቀቁ። መምህራኑ ይህን ሲያዩ መጠይቁ ለእነርሱ እንዳልተዘጋጀ ወዲያው ይገባቸዋል።

2. ትምህርት ቤቱ በማን ሥር እንደሆነ ማረጋገጥ

መሀል ከተማ ለሚሠራ ሰው ይህ ደረጃ አያስፈልገውም፤ ዳርቻ ላይ ግን ጥናቱን ሁለት ወር ሊያዘገይ የሚችለው ይኸው ነው። ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የተቋቋመው በ2013 ዓ.ም. ስለሆነ የቆዩ ደብዳቤዎችና የተማሪ ማኅደሮች ቦሌ ወይም የካ የሚል ራስጌ ይዘው ይገኛሉ። ለገጣፎ፣ ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ደግሞ ዛሬ የኦሮሚያ ክልል በሆነው በሸገር ከተማ ውስጥ ናቸው። ከመንገዱ ወዲህ ያለው ትምህርት ቤት ለአዲስ አበባ ትምህርት ቢሮ ተጠሪ ሆኖ ከመንገዱ ወዲያ ያለው ለኦሮሚያ ትምህርት ቢሮ ተጠሪ ሊሆን ይችላል፤ የሚያስፈልግዎት የድጋፍ ደብዳቤም ሆነ መጠይቅዎ የሚዘጋጅበት ቋንቋ በዚህ ይወሰናል። ሁለቱንም ወገን ለማነጻጸር ካሰቡ መሣሪያዎችዎን በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ማዘጋጀት፣ ለሁለቱም የተለያየ የፈቃድ ሂደት መጀመር ግድ ይሆናል፤ ለአንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ይህ ከባድ ሸክም ስለሆነ ጥያቄዎ ካላስገደደዎት በቀር በአንደኛው ወገን እንዲወሰኑ እመክራለሁ።

3. ፈቃድ፣ ደብዳቤና የጊዜ ሰሌዳ

ደብዳቤው የሚሄድበት መንገድ የታወቀ ነው፤ ከትምህርት ክፍልዎ ወደ ትምህርት ቢሮ፣ ከቢሮ ወደ ክፍለ ከተማው ትምህርት ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ትምህርት ቤቱ። በየደረጃው ማኅተምና ቁጥር ያለው መሸኛ ይሰጥዎታል። የእያንዳንዱን ደብዳቤ ሁለት ቅጂ ይያዙ፣ ቁጥሩንና ቀኑን በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉ፤ ፊርማ የሚጠብቁበት ኃላፊ ስብሰባ ገባ ሲባሉ መዝገብ ቤት ሄደው በቁጥሩ መከታተል የሚችሉት ያን ጊዜ ነው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታ ከዚህ ሁሉ መቅደም አለበት፤ ሕፃናትን፣ ያውም አካል ጉዳት ያለባቸውን ሕፃናት የሚመለከት ጥናት ስለሆነ ኮሚቴው የስምምነት ቅጹን መስመር በመስመር ያያል፣ ማየትም ይገባዋል።

የጊዜ ሰሌዳውን ሲያወጡ ከዩኒቨርሲቲው ካላንደር ይልቅ የትምህርት ቤቱን ያስቀድሙ። መስከረም ምዝገባና ክፍል ድልድል ነው፤ ጥር አጋማሽ ላይ የአንደኛው መንፈቅ ዓመት ፈተና አለ፤ ከግንቦት አጋማሽ በኋላ መምህራን ከፈተና ዝግጅት ሌላ ጆሮ የላቸውም፤ ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ዝግ ነው፤ ያ ወቅት ከአስፋልቱ ወደ ሰፈሩ የሚያስገባው መንገድም ጭቃ የሚሆንበት ነው። ስለዚህ መስክ የሚወጡባቸው ጥሩ ወራት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ እንዲሁም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ናቸው። በጥቅምት ለመጀመር ፕሮፖዛሉ በሰኔ መጽደቅ አለበት ማለት ነው።

4. ማን እንደሚጠና መወሰን

ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ ገብተው «ስንት ልዩ ፍላጎት ያላቸው ተማሪዎች አሉዎት?» ብለው ቢጠይቁ አንድ ቁጥር ይሰጥዎታል። ያን ቁጥር እንዳለ ወስደው ሠንጠረዥ ውስጥ አያስገቡት። ዝርዝሩ የሚያዘው በመስከረም ምዝገባ ላይ በዓይን በታየው ስለሆነ ዓይነ ስውሩና በክራንች የሚሄደው ይመዘገባሉ፣ በአንድ ጆሮዋ ብቻ የምትሰማዋና በሦስት ዓመት ውስጥ ማንበብ ያልቻለው ልጅ ግን «ሰነፍ» ተብለው ያልፋሉ። በዳርቻው ሰፈር ደግሞ ከመሀል ከተማ ተነሥተው የመጡ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ ልጁ በቀድሞ ትምህርት ቤቱ ድጋፍ ያገኝ እንደነበር የሚያስረዳው ማኅደር ከልጁ ጋር አብሮ ያልመጣበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ለዚህ የሚያግዝዎት መሣሪያ አለ። የአካል ጉዳት ስታቲስቲክስን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ቡድን፣ የዋሽንግተን ግሩፕ፣ ያዘጋጀው አጭሩ የጥያቄ ስብስብ ስድስት ጥያቄዎች አሉት፤ ስለ ማየት፣ መስማት፣ መራመድ፣ ማስታወስና ትኩረት ማድረግ፣ ራስን መንከባከብ እና መግባባት ይጠይቃል፤ መልሱም «ምንም አልቸገርም፣ ትንሽ እቸገራለሁ፣ በጣም እቸገራለሁ፣ ፈጽሞ አልችልም» ከሚሉት አንዱ ነው። ይህ ስብስብ ለልጆች ጥናት ስለማይበቃ ቡድኑ ከዩኒሴፍ ጋር በ2016 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት ብቻ የሚያገለግል ሌላ አዘጋጅቷል፤ አንዱ ከ2 እስከ 4፣ ሌላው ከ5 እስከ 17 ዓመት ለሆናቸው ሲሆን፣ የኋለኛው ስለ መማር፣ ስለ ጓደኛ መያዝ፣ ለውጥን ስለ መቀበል፣ ስለ ጭንቀትም ይጠይቃል። የሚጠየቁትም እናት ወይም ልጁን የሚያሳድጉት ሰው ናቸው። የጥያቄዎቹ ትልቁ ጥቅም «አካል ጉዳተኛ» የሚለውን ቃል ሳያነሡ የልጁን ችግር ማወቅ መቻላቸው ነው፤ «ልጅዎ አካል ጉዳት አለበት?» ቢባሉ «እግዚአብሔር ይጠብቀው፣ የለበትም» የሚሉ እናት፣ «ሲናገር ከቤተሰብ ውጭ ያለ ሰው ይረዳዋል?» ሲባሉ እስከ መጨረሻው ያጫውቱዎታል። የጥያቄዎቹ መልስ ግን የሕክምና ምርመራ አይደለም። በዚህ መንገድ የለዩትን ልጅ «ኦቲዝም ያለበት» ወይም «የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት» ብለው በጽሑፍዎ ላይ ሊሰይሙ አይችሉም።

የናሙና ብዛትን በሚመለከት፣ ከጠቅላላው ስንት ሰው እንደሚጠየቅ የሚያሰላው ቀመር የሚያገለግለው ለብዙ ሰው ነው። ለምሳሌ 240 መምህራን ካሉና 5 በመቶ ስሕተት ከተቀበሉ፣ በተለመደው የያማኔ ቀመር 240 ለ1.6 ተካፍሎ 150 መምህራን ይወጣል። መስማት የተሳናቸው ዘጠኝ ልጆች ባሉበት ትምህርት ቤት ግን ቀመር አያስፈልግም፤ ዘጠኙንም ወይም በዓላማ የተመረጡ አራትና አምስቱን በጥልቀት ማጥናት ነው። ፈታኝ «ናሙናው አነሰ» ብሎ ቢጠይቅዎት የጥናቱ ዓይነት የሚጠይቀው ይህን መሆኑን በልበ ሙሉነት ያስረዱ።

5. መጠይቁንና ቃለ መጠይቁን ማዘጋጀት

ከእንግሊዝኛ የተወሰደ መጠይቅ ወደ አማርኛ ሲመለስ የመጀመሪያው ተርጓሚ ያላየውን ሁለተኛ ሰው ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ይተርጉመው፤ ሁለቱን እንግሊዝኛዎች ሲያስተያዩ የተዛባው ይታያል። ከዚህ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን የእኛው ይሉኝታ ነው። «አካቶ ትምህርትን እደግፋለሁ» ለሚል ዓረፍተ ነገር «አልስማማም» ብሎ ምልክት የሚያደርግ መምህር ማግኘት ዘበት ነው፤ መንግሥት የሚደግፈውን፣ ሃይማኖትም የሚያዘውን ነገር ማን ይቃወማል? ስለዚህ ስለ አመለካከት ከመጠየቅ ይልቅ ስለ ሥራ ይጠይቁ፦ «ባለፈው ሳምንት ለዚህ ልጅ ብለው የለወጡት ነገር ምን ነበር? የመጨረሻውን ፈተና ለዓይነ ስውሩ ተማሪ ያነበበለት ማን ነው? የት ተቀምጠው?» የማይሠራ መምህር ለዚህ ጥያቄ መልስ ሲፈልግ ዝም ይላል፤ የዝምታውን ርዝመትም በማስታወሻዎ ላይ ይጻፉት።

አሉታዊ ዓረፍተ ነገሮችንም ያስወግዱ። «መምህሩ አይረዳኝም» ለሚለው «አልስማማም» ማለት ይረዳኛል ማለት መሆኑን አዋቂም ቆም ብሎ ካላሰበ ይሳሳታል፤ በአማርኛ «አይደለም»ና «አልስማማም» ሲደራረቡ ልጆች ወዲያው ይምታታባቸዋል። የሙከራ ጥናቱን ዋናው ጥናት በማይሠራበት ሌላ ትምህርት ቤት ያካሂዱ፤ የመጠይቁ ጥያቄዎች እርስ በርስ ምን ያህል እንደሚጣጣሙ የሚለካው የክሮንባክ አልፋ ውጤት 0.70ና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው፣ ይሁን እንጂ ከቁጥሩ ይልቅ የሚጠቅምዎት ከሞሉት ሰዎች ጋር ተቀምጦ «ይህን ሲያነቡ ምን ገባዎት?» ብሎ መጠየቅ ነው።

6. ስምምነት መቀበል

ለልጅ ጥናት ሁለት ስምምነት ያስፈልጋል፤ የወላጅ ፈቃድና የልጁ የራሱ ይሁንታ። ወላጅ ፈቅዶ ልጁ ካልፈለገ ጥናቱ የለም። ማንበብ ለማይችሉ ወላጆች ቅጹ በቃል ይነበብና በምስክር ፊት የአውራ ጣት አሻራ ይደረግበታል። ለዓይነ ስውር ተማሪ ቅጹን በብሬይል ካዘጋጁ የአማርኛ ብሬይል እያንዳንዱን ፊደል በተነባቢና በአናባቢ ስለሚከፍለው የሁለት ገጹ ቅጽ ብዙ ገጽ እንደሚሆን አስቀድመው ያስቡና ለንባቡ በቂ ጊዜ ይስጡ።

በዳርቻው ሰፈር ከሁሉም አስቀድሞ መነገር ያለበት ነገር አለ። ወረቀት ይዞ ቤት ለቤት የሚዞርና የልጅ ስም የሚጽፍ ሰው ከእርዳታ ድርጅት የመጣ ይመስላል። አንዲት እናት ቡና አቅርበው፣ ቅጹን በአሻራ ካጸደቁልኝ በኋላ «ዊልቸሩ መቼ ይመጣል?» ብለው ጠይቀውኛል። አሻራው ሐምራዊ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ያ ስምምነት ስምምነት እንዳልነበረ ገባኝና ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ከመጀመሪያው አስረዳኋቸው፤ «ተማሪ ነኝ፣ የምሰጠው ነገር የለኝም፣ የምጽፈው ጽሑፍ ነው፣ እምቢ ቢሉ ልጅዎ ከትምህርት ቤቱ ምንም አይጎድልበትም።» ይህን ሰምተውም ፈቀዱ። እርስዎ ይህን አራት ነገር ቅጹ ከመውጣቱ በፊት ይናገሩ፤ «ምዝገባ» የሚለውንም ቃል ፈጽሞ አይጠቀሙ።

በጥናቱ መካከል ቤት ውስጥ ተዘግቶበት የሚውል ወይም የሚደበደብ ልጅ ቢያጋጥምዎት ምን እንደሚያደርጉ ፕሮፖዛሉ ላይ ተጽፎ መገኘት አለበት። የወረዳውን የሴቶች፣ ሕፃናትና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤትና የትምህርት ቤቱን ኃላፊ ከመስክ ሥራው በፊት ያነጋግሩ፤ ምስጢር እጠብቃለሁ ሲሉም የልጁ ደኅንነት አደጋ ላይ ከወደቀ ምስጢሩ እንደማይጠበቅ ለወላጅም ለልጁም አስቀድመው ይንገሩ።

7. ከልጁ ጋር መነጋገር

ወደ መመሪያው ዋና ክፍል ደርሰናል። በራሴ ጥናት የሠራሁትን ስሕተት ልንገርዎ። መስማት የተሳናት የ5ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች፤ ለአስተርጓሚ የምከፍለው ስላልነበረኝ በዚያው ግቢ 8ኛ ክፍል የሚማረውን ታላቅ ወንድሟን እንዲያስተረጉምልኝ ጠየቅሁት። «ክፍል ውስጥ የምትቀመጭበት ቦታ ይመችሻል?» ብዬ ስጠይቃት ወንድሟ እጁን እንኳ ሳያነሣ «አዎ ይመቻታል፣ ፊት ነው የምትቀመጠው» አለኝ። እኔም ጻፍሁት። ሦስት ሳምንት ቆይቶ አንዲት የምልክት ቋንቋ መምህርት አብራኝ መጣችና ያንኑ ጥያቄ ለልጅቷ አቀረበችላት። ልጅቷ መልስ ሳትሰጥ ተነሥታ ወደ ባዶው ክፍል ወሰደችን፤ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች፣ በጣቷ ወደ ሰሌዳው፣ ከዚያም ወደ መስኮቱ አመለከተች፣ በመጨረሻም መዳፏን ፊቷ ላይ አድርጋ ዓይኗን ከለለች። መምህሩ የሚቆመው በመስኮቱ ፊት ነው፤ ጠዋት ከ3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ከኋላው ስለምትገባ ፊቱ ጥላ ይሆናል፣ ከንፈሩንም እጁንም አታይም። ሂሳብ የሚሰጠው በዚያ ሰዓት ነበር። ትምህርት ቤቱ ፊት ስላስቀመጣት ድጋፍ እንዳደረገላት ያምናል፤ ወንድሟም አልዋሸም፣ እርሱ የሚያውቀው ያንን ነው። ያን የመጀመሪያ ቃለ መጠይቅ ሙሉ በሙሉ ጣልሁት፤ ገንዘቡን ከየትም አምጥቼ አስተርጓሚ መቅጠር እንደነበረብኝም ያን ቀን ተረዳሁ።

ስለዚህ የቤተሰብ አባል፣ የክፍል ጓደኛ ወይም የልጁ የራሱ መምህር አያስተርጉም። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ፣ ከቤተሰቡና ከትምህርት ቤቱ ውጭ የሆነ ሰው ይፈልጉ፤ ክፍያውን በፕሮፖዛሉ በጀት ውስጥ ያስገቡ፣ አስተርጓሚውም የምስጢር መጠበቂያ ቃል ይፈርም። ከቃለ መጠይቁ በፊት ጥያቄዎቹን አብራችሁ አንብቡ፤ ልጁ ቤት ውስጥ የሚጠቀምበትን ምልክት ብቻ የሚያውቅ ከሆነ አስተርጓሚው ቀድሞ ተገናኝቶት ሊለማመደው ይገባል። በምልክት የሚደረግ ንግግር በድምፅ ስለማይቀረጽ ቪዲዮ ያስፈልጋል፤ ቪዲዮ ደግሞ ፊትን ያሳያልና ለብቻው ፈቃድ ይጠየቅበታል።

የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ለአዋቂ ጥያቄ «አዎ» የማለት ልማድ አለው፤ «ትምህርት ቤት ትወዳለህ?» ሲባል አዎ፣ «ትምህርት ቤት ትጠላለህ?» ሲባልም አዎ ይላል። ለእርሱ ሥዕል ወይም የትምህርት ቤቱን ቦታዎች ፎቶ ያቅርቡ፤ የመማሪያ ክፍሉን፣ መመገቢያ አዳራሹን፣ ሜዳውን፣ በሩን ዘርግተው «የት መሆን ትወዳለህ? የት አትወድም?» እያሉ በእጁ እንዲለይ ያድርጉ፤ በሌላ ቀን ቅደም ተከተሉን ለውጠው ይድገሙት። መልሱ ከጸና ይጻፉት፣ ካልጸናም አለመጽናቱን ይጻፉ። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ ከለመደው ክፍልና ሰዓት አውጥተው ወደ ርእሰ መምህሩ ቢሮ አይውሰዱት፤ ጥቂት ቀናት እርስዎ በእርሱ ክፍል ውስጥ ዝም ብለው ይቀመጡ፣ መገኘትዎን ሲለምደው ሥራው ያን ጊዜ ይጀመራል። ከዓይነ ስውር ልጅ ጋር ሲነጋገሩ ደግሞ ስምዎን ተናግረው ይጀምሩ፣ ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ካለ ይንገሩት፣ መቅጃውንም በእጁ እንዲዳስሰውና ማጥፊያውን እንዲያውቀው ያድርጉ። «አልፈልግም ባልክ ጊዜ ይህን ተጫን» ያልሁት አንድ ልጅ በ40 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ጊዜ አጥፍቶታል፤ ሁለቱም ጊዜ ስለ አባቱ የሚያወራበት ቦታ ነበር።

ሁልጊዜ ሰው በሚያያችሁ፣ ነገር ግን ንግግራችሁ በማይሰማበት ቦታ ተቀመጡ። ከዛፍ ሥር ያለ አግዳሚ ወንበር ከማንኛውም ቢሮ ይሻላል።

8. ምልከታ

ከቃለ መጠይቅ ጎን ለጎን ምልከታ ያድርጉ፤ ቅጽ ሲያዘጋጁም በመማሪያ ክፍል ብቻ አይወሰኑ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የምገባ መርሐ ግብር ስላለ የምሳ ሰዓት ብዙ ያስተምራል፤ ሳህኑን ለዓይነ ስውሩ ልጅ ማን እንደሚያመጣለት፣ ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ መጸዳጃ ቤት ማን እንደሚያደርሰው ይመልከቱ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ቀናት ምልከታ ለትንተና አይጠቀሙበት፤ መምህሩ ለእንግዳ ብሎ የሚያስተምርባቸው ቀናት ናቸው።

9. መገልበጥና መተንተን

የአንድ ሰዓት የተቀዳ ንግግር ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ በየዕለቱ ካልሠሩት ይከመርና ያሳቅቃል። የመመረቂያ ጽሑፉ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ቢሆንም ትንተናውን በአማርኛ ይሥሩ። ብዙዎች ቅጂውን ገልብጠው ሳይጨርሱ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሱትና ጭብጡን ከትርጉሙ ያወጣሉ፤ እናት «ልጄን ከሰው እኩል አዩልኝ» ያሉት «ተቀባይነት» ወደሚል ደረቅ ቃል ይለወጥና የነበረው ስሜት ይጠፋል። ለንግግሩ ክፍሎች ኮድ (መለያ ስም) ሲሰጡም ከተናጋሪዎቹ አፍ የወጣውን ቃል ይውሰዱ፣ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልሱትም በመጨረሻ በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቅሱትን ብቻ ይሁን። የቁጥር መረጃ ካለዎት ኤስፒኤስኤስ የተባለው የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር ይበቃል፤ በጥቂት ልጆች ላይ በተሠራ ጥናት ግን በመቶኛ አይናገሩ፣ «ከዘጠኙ ልጆች ስድስቱ» ማለት ግልጽም ታማኝም ነው።

መምህሩ፣ ወላጁና ልጁ ስለ አንድ ነገር የተናገሩትን ጎን ለጎን በሦስት ዓምድ ይጻፉ። የሚለያዩበት ቦታ ሲገኝ የአዋቂዎቹን ቃል እንደ እውነት፣ የልጁን እንደ ስሕተት አድርገው አያስታርቁት፤ ወደ ክፍሉ ተመልሰው በዓይንዎ ይዩት።

10. ጽሑፉን ማዘጋጀትና ማንነትን መደበቅ

«ደንቆሮ»፣ «ዕውር»፣ «ዘገምተኛ» የሚሉ ቃላት ከተናጋሪ አፍ በቀጥታ የተጠቀሱ ካልሆኑ በጽሑፉ ውስጥ አይግቡ፤ «ጤነኛ ተማሪዎች» ብሎ ሌሎቹን መጥራትም አካል ጉዳትን በሽታ ያደርገዋልና ይቅር። ስም ለውጦ መጻፍ ብቻውን ማንነትን አይደብቅም። የመመረቂያ ጽሑፍ በዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ማከማቻ ላይ ለማንም ክፍት ሆኖ ይቀመጣል፤ ወረዳው ተጠቅሶ «የ6ኛ ክፍል ዓይነ ስውር ተማሪ» ከተባለ፣ በዚያ ወረዳ እንደዚያ ያለ ልጅ አንድ ብቻ ሊሆን ስለሚችል ሰፈሩ በሙሉ ያውቀዋል። የትምህርት ቤቱን ስምና ወረዳውን ይተዉ፣ ክፍሉን «ከ4ኛ እስከ 6ኛ» ብለው ያስፉ፣ ለክርክሩ የማያስፈልገውን የቤተሰብ ታሪክ ያውጡ፤ በምስጋናው ገጽ ላይ ርእሰ መምህሯን በስም አመስግነው ይህን ሁሉ ልፋት እንዳያፈርሱትም ይጠንቀቁ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና ሁኔታን የሚገልጽ መረጃ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ወገን ስላደረገው፣ ቅጂዎቹንና የስም መለያ ዝርዝሩን በተለያየ ቦታ፣ በይለፍ ቃል ይቆልፉ።

11. ውጤቱን ለትምህርት ቤቱ መመለስ

የመመረቂያ ጽሑፉን በፈታኞች ፊት ከተከላከሉ በኋላ ሁለት ገጽ የሚሆን የአማርኛ ማጠቃለያ ያዘጋጁና ሰኔ ሳይገባ ወደ ትምህርት ቤቱ ይውሰዱ፤ ክረምቱ ካለፈ ያነጋገሯቸው መምህራን ተዛውረው ልታገኟቸው አትችሉ ይሆናል። ለዓይነ ስውራን ተማሪዎች ማጠቃለያውን በድምፅ ቀድተው ይስጡ፣ ለመስማት የተሳናቸው ደግሞ ያው አስተርጓሚ በምልክት ያስረዳቸው። ሊደረጉ የሚችሉ ነገሮችን ሲጠቁሙ ትምህርት ቤቱ በራሱ አቅም በሳምንት ውስጥ ሊሠራቸው የሚችሉትን ያስቀድሙ። እኔ ማጠቃለያውን በወሰድሁበት ቀን የሂሳቡ መምህር ሁለተኛውን አንቀጽ አንብቦ ሳይጨርስ ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ሄደ፤ ከሁለት ተማሪዎች ጋር ሆኖ ተንቀሳቃሹን ሰሌዳ ከመስኮቱ አንሥቶ ወደ ተቃራኒው ግድግዳ አዞረው፤ የልጅቷንም ወንበር አብሮ አዛወረ። የቀረኝ ሥራ በስምምነት ቅጹ ላይ በገባሁት ቃል መሠረት፣ በተባለው ቀን፣ ቪዲዮዎቹን ከኮምፒውተሬም ከስልኬም ማጥፋትና ማጥፋቴን ለወላጆቹ ደውዬ መንገር ነበር።